ዛቻ የለመደ ጆሮ

ጁላይ 28፣ ዓርብ

ደብተሩ የፊልሞን ነው። ኮሌጅ እንዲማርበት ገዝቼለት ሦስት ገጽ ሒሳብ ጽፎ ተወው። አራተኛው ገጽ ላይ ጫማ ስሎበታል። ከአምስተኛው ገጽ ወዲህ የኔ ይሁን፤ በዚህ ቤት የተጀመረ ነገር አንድ ሰው እንኳ ይጨርስ።

የምጽፈው አፌን ለመያዝ ነው። ባሌ ከፈለ ትናንት «ዕንቁ፣ ስለ ኮሪያ ማውራትሽን ለአንድ ቀን ብታቆሚ ጆሮዬ ያርፋል» አለኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ወገቡ ሲነግረኝ ለኔ ጆሮ ማን አዘነለት?

ዛሬ ሰሜን ኮሪያ እንደገና ተኮሰች። ካለፈው ተኩስ ወር እንኳ አልሞላም። ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ አየሁት። ጃፓን አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀ አሉ። ቴሌቪዥን ላይ የሚቀመጡት አዋቂዎች ቺካጎ ይደርሳል፣ የለም አይደርስም እያሉ ይከራከራሉ። የኔ ልጅ ያለው ቺካጎ አይደለም። የአሜሪካ ወታደር ሆኖ ደቡብ ኮሪያ ነው፣ ከድንበሩ የአንድ ሰዓት መንገድ፤ እሱን ለማግኘት ተራ መድፍ ይበቃል። በዚህ ላይ ማንም ሲከራከር አልሰማሁም።

ጻፍኩለት። «ማም፣ ሪላክስ። ሁሌም እንደዚህ ናቸው» ብሎ መለሰ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ «ሁሌም» የሚለውን ቃል ከየት አመጣው?

ኦገስት 3፣ ሐሙስ

ዜና አላምንም። ሁለተኛውን ምድር ቤት ግን አምናለሁ።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ እሠራለሁ። ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ ትኬት እየተቀበልኩ ጌት መክፈት ነው ሥራዬ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ። ላይ ቤት ምን እንደሚሠሩ የነገረኝ የለም። ግማሾቹ ዩኒፎርም ይለብሳሉ፣ ግማሾቹ አንገታቸው ላይ ባጅ አንጠልጥለው ከማንም ጋር አያወሩም። መኪናቸው ግን ይነግረኛል። በደህና ቀን ሺፍቴ ሲያልቅ ሁለተኛው ምድር ቤት፣ ቢ-ሁለት፣ ላይ የሚቀረው ሰባት ስምንት መኪና ነው። ዓለም ሲታመም ያመሻሉ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ከዜናው ቀድሜ አውቄያለሁ፤ ለከፈለ ስነግረው ሳቀብኝ፣ በማግስቱ ግን አልሳቀም።

ዛሬ፦ ዘጠኝ።

ኦገስት 5፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ የእማዬ ቀን ነው። ጉለሌ ከወንድሜ ከንጉሴ ጋር ትኖራለች፤ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ገና ድምፄን እንደሰማች «ዘንድሮ ካልመጣሽ አታገኚኝም» አለችኝ።

ይቺን መተኮስ የጀመረችው እኛ አሜሪካ በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ትተኩሳለች፤ በየዓመቱ ባሕር ውስጥ ይወድቃል። የመጀመሪያው ጊዜ ሦስት ቀን አለቀስኩ። ሁለተኛው ጊዜ ቀን ቆርጬ ነገርኳት፣ ሳልሄድ ቀረሁ፣ አልሞተችም። አሁን «እሺ እማ» ብዬ ወደሚቀጥለው ወሬ እገባለሁ። ጆሮ ዛቻን አንዴ ከለመደ ለመደ ነው።

ንጉሴ ስልኩን ተቀበላት። እግሯ ትንሽ አብጧል አለ፤ የሚያሰጋ አይደለም አለ፤ ፈቃድ ካለሽ ግን ብቅ ብትዪ ደስ ይላታል አለ። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ። የቀረችኝ ፈቃድ ሁለት ሳምንት ናት፣ እሷም የፊልሞን ናት፤ አንድ ነገር ቢሆን ያለበት ድረስ የምሄድባት። ይህን ነገርኩት። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራ።

ኦገስት 9፣ ረቡዕ

ከወዲህም ከወዲያም እሳት እናዘንባለን እየተባባሉ ነው። ትልልቅ ሰዎች! የሰፈር ጎረምሳ እንኳ ከመደባደቡ በፊት ገላጋይ ዞር ብሎ ያያል።

ቢ-ሁለት፦ አሥራ አራት።

ኦገስት 10፣ ሐሙስ

ኮሎኔሉን ጠየቅኩት። ኮሎኔል ይሁን ምን ይሁን አላውቅም፤ ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጥቁር ቮልቮ ይነዳል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከደህና አደርሽና ከደህና እደሪ በቀር አልተነጋገርንም። ዛሬ ትኬቱን ሲዘረጋልኝ አልተቀበልኩትም። ልጄ ኮሪያ ነው፣ ልስጋ ወይስ አልስጋ፣ እውነቱን ንገረኝ አልኩት። ከኋላው ያለው መኪና ጥሩንባውን ነፋ።

ፈገግ ብሎ «ነገሩ የምር ሲሆን መኪናዬን እዚህ አታዪውም» አለኝ።

ቀልዱ ነው። ጌቱን ከፈትኩለት። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው ያቺን ቮልቮ ነው።

ኦገስት 20፣ እሑድ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቸርች። ፓስተር ወንድይራድ ስለ ፊልሞን ጸለዩ። ስሙን ከመድረክ ሲጠሩት ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ስንወጣ ልሳነወርቅ፣ የሴቶች ጸሎት መሪያችን፣ እጄን ይዛ «እንዴት አስችሎሽ ላክሽው እህቴ?» አለችኝ። እሷ የምትወጋው ፈገግ ብላ ነው። የሷ ልጅ ፋርማሲ ይማራል።

ምን ልበላት? እዚህ ልጻፈው፣ ደብተር ወሬ አያወጣም። ፊልሞን ኮሌጁን ሲያቋርጥ «ከሴፕቴምበር በኋላ በዚህ ቤት አልጋ የለህም፤ ወይ ትምህርት ወይ ዩኒፎርም» ያልኩት እኔ ነኝ። ለማስፈራራት ነበር። እማዬ ስታሳድገኝ በቀን አሥር ጊዜ «እገድልሻለሁ» ትለኝ ነበር፤ አንድም ቀን በጥፊ እንኳ አልነካችኝም። በኛ ቤት ዛቻ ፍቅር ነው። የዛተብሽ ሰው ይወድሻል፣ ዝም ያለሽ ነው የሚያሰጋው። ልጄ ግን እዚህ ሀገር አደገ፤ የተባለውን እንደተባለ ይወስዳል። በስምንተኛው ቀን ፈርሞ መጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ክፍሉን ሊያጸዳ ገባ።

ያቺን አልጋ አሁን በየሳምንቱ አንሶላ እቀይርላታለሁ።

ኦገስት 28፣ ሰኞ

በጃፓን አናት ላይ አሳልፈው ተኮሱ። በሰው ቤት ጣራ ላይ!

ፊልሞን አልመለሰም።

ቢ-ሁለት፦ አሥራ ሰባት። አልመለሰም። የአንዱን ትኬት ለሌላው ሰጠሁ፣ ማናጀሩ አየኝ። አልመለሰም።

መለሰ። «ጂም ነበርኩ።» እገድለዋለሁ።

ሴፕቴምበር 3፣ እሑድ

ቦምብ። ትልቁን፣ መሬት ውስጥ። ቻይና ድረስ ቤት ተንቀጠቀጠ አሉ። ቸርች አልሄድኩም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሴፕቴምበር 11፣ ሰኞ

እንቁጣጣሽ። እማዬን እንኳን አደረሰሽ ልላት ደወልኩ። የምትለው አይሰማም። «ስልኩን ወደ አፍሽ አስጠጊው!» ብዬ ጮህኩባት። ንጉሴ ከጎን «ተኝታ እኮ ነው የምታወራው» አለ። በበዓል ቀን በጠራራ ፀሐይ መተኛት ከመቼ ወዲህ ነው አልኩ፤ ማርጀትስ ደስ ይላል።

ስለ ቦምቡ ነገርኳት። ከማን ጋር ላውራው፣ እዚህ ሁሉም ሰልችቶታል። ታላቅ ወንድሟ ሠረቀብርሃን በንጉሡ ጊዜ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ ነበር፤ እሷ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ በየቀኑ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ደጃፍ ሄዳ ትቀመጥ እንደነበር ዛሬ ነገረችኝ፤ እኔም ከጎኗ ነበርኩ አለች።

«ሬዲዮ አትስሚ ልጄ። መርዶ በሬዲዮ አይመጣም። በእግሩ ነው የሚመጣው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከምታውቂያቸው ሰዎች ጋር።»

አጎቴ በደህና ተመልሶ፣ አግብቶ ወልዶ፣ በስኳር ነው የሞተው። እሱን ላስታውሳት ስል ደከመኝ አለች። ትንፋሿ ደረጃ እንደወጣ ሰው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ንጉሴ ደረጃ ያወጣታል እንዴ? ሳልጠይቀው ዘጋ።

ሴፕቴምበር 14፣ ሐሙስ

እንደገና በጃፓን ላይ። ቢ-ሁለት፦ አሥራ ስድስት። ቮልቮዋ አለች። ፊልሞን፦ «ቁርስ ላይ ነኝ። ፓንኬክ።»

ኦክቶበር 1፣ እሑድ

ቃል በቃል ልጻፈው።

ቸርች መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ በሩን ዘግቼ። ልሳነወርቅ ከሌላ ሴት ጋር ገባች፤ የሌላዋን ድምፅ አልለየሁትም። «እስካሁን አልነገሯትም?» አለች ያቺ። ልሳነወርቅ ውኃ ከፍታ «በዚህ ሁኔታዋ ማን ደፍሮ? ባሏ ራሱ እንዳትነግሩብኝ ብሎ አስምሎናል» አለች። «ቀኑ ቀርቧል ይላሉ?» «በሰው እጅ አይደለም እህቴ።»

ወረቀት ቀድደው እጃቸውን አድርቀው ወጡ። እኔ ጉባኤው እስኪያልቅ እዚያው ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ጦርነቱ ቀን ተቆርጦለታል። ጦሩ ለከፈለ ነግሮታል፣ ለኔ አልነገረም። ሰሞኑን ስልክ ሲመጣለት በረንዳ ወጥቶ መስታወቱን ዘግቶ የሚያወራው ለዚህ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ መላው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያውቀውን እኔ ከሽንት ቤት ሰማሁ።

መኪና ውስጥ ያዝኩት። ምን ደብቀኸኛል አልኩት። መንገዱን እያየ ነዳ። ሰፈራችን ላንድማርክ ልንደርስ ስንል አፉን ከፈተ፣ «ዕንቁዬ፣ አንድ ነገር…» አለ። ስለ ፊልሞን ነው አይደል አልኩት። ፊልሞን ደህና ነው አለኝ። ማልልኝ አልኩት፤ ማለልኝ፣ በእናቱ አጥንት። ነፍሴ ተመለሰች። «እንግዲያው ሌላውን ተወው፣ መስማት አልፈልግም» አልኩት። የሌላ ሰው ችግር ለመሸከም አሁን ትከሻ የለኝም።

ኦክቶበር 7፣ ቅዳሜ

ክፉ ነገር ተናገርኩ።

ሙሉ ሌሊት ያላወጣሁትን ሁሉ እሷ ላይ አወጣሁት። ገና «ደህና ነሽ ወይ» ስላት «ሳላይሽ ልሄድ ነው» አለችኝ፣ በዚያች በማውቃት ቀጭን ድምፅ። እኔም «እማ፣ በየዓመቱ እሞታለሁ ትያለሽ። የኔ ልጅ እውነተኛ ሞት ሥር ተኝቷል። አንዴ ሙቺና አሳርፊን!» አልኳት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ነው የሰማሁት። ከማዶ አንድ የሚያፏጭ፣ የሚተነፍስ መሣሪያ ነገር ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ፍሪጃቸው መሰለኝ። ከዚያ «እሺ» አለች። «እሺ ልጄ።» ስልኩን ለንጉሴ እንኳ ሳትሰጥ ዘጋች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ዛሬ ብደውል የባሰ ታለቅሳለች።

ኦክቶበር 14፣ ቅዳሜ

ተኝታለች አለ ንጉሴ።

ኦክቶበር 21፣ ቅዳሜ

ተኝታለች። ከሁለት ሳምንት ጀምሮ ትተኛለች! አኩርፋኛለች። ኩርፊያዋን አውቀዋለሁ፤ እኔ ልጅ ሆኜ ከአክስቴ ጋር በአንድ ድስት ክዳን ምክንያት ሁለት ዓመት ተኮራርፈዋል። እኔም ከሷ ነው የወጣሁት። እሷ እስክትደውል አልደውልም።

ቢ-ሁለት፣ ትናንት፦ ስምንት። ኮሪያም ዝም ብላለች። ዝምታዋን አልወደድኩትም።

ኖቬምበር 4፣ ቅዳሜ

ከከፈለ ጋር ተጣላን። ፈቃድሽን ውሰጂ፣ ሀገር ቤት ደርሰሽ ነዪ ይለኛል። አሁን! በዚህ ሰሞን! ሳምንት ብቻ አለ። አምስት ቀን ብቻ አለ። የአውሮፕላን ትኬቱን ሳይጠይቀኝ አይቷል። ይበልጥ ያናደደኝ ሊያናግረኝ ሲል ፊቱ ላይ ያለው ነገር ነው፣ ልክ እንደ ለማኝ።

«ልጅህ አይደለም እንዴ? ወይስ የሚያሳስብህ ወገብህ ብቻ ነው?» አልኩት።

የሆቴል ሻትል ሲነዳ ውሎ የገባ ሰው ነው፤ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ። ክፉ ሴት ነኝ። ይህን ማወቄ ግን ደግ አላደረገኝም።

ኖቬምበር 16፣ ሐሙስ

ሺፍቴ ሊያልቅ ሲል ቢ-ሁለት ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አንድ! ቢ-አንድም ጢም ብሏል። ቮልቮዋ ግን የለችም።

ቡዙን ጥዬ ወጣሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ላይ ቤት ወጥቼ አላውቅም። ሊፍቱ ሎቢው ላይ ሲከፈት ዘበኛው ምን ሆነሽ አለኝ፤ ጦርነት ነው ወይ አልኩት። ከኋላው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ፊኛ ተሰቅሏል፣ ሙዚቃ አለ። አንድ ሽማግሌ ጡረታ ሊወጣ ድግስ ተደግሶለት ነው። ኮሎኔሉ በዚያው አለ፤ ዛሬ በሰው መኪና ነው የመጣው። እኔን ሲያይ «ኦ፣ የፓርኪንጓ ሴትዮ!» ብሎ በወረቀት ሳህን ኬክ ሰጠኝ። ሁሉም እያዩኝ ቆሜ በላሁት። ጣዕሙን አላስታውስም።

ማናጀሩ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ሁለተኛ ቡዝ ለቅቀሽ ብትገኚ አለ። እሱም ይዛታል።

ኖቬምበር 23፣ ሐሙስ

ታንክስጊቪንግ፣ ልሳነወርቅ ቤት። የሚያስፈራው ሁሉም ለኔ ደግ መሆናቸው ነው። ልሳነወርቅ ራሷ ምርጥ ምርጡን ሥጋ እየመረጠች አነሳችልኝ፤ አንድም መርፌ አልወጋችኝም። ፓስተር ወንድይራድ ከጎኔ ተቀምጠው «እናትሽን አነጋገርሻቸው?» አሉኝ። «አኩርፋኛለች ፓስተር፤ በርሷ ብሶ እኔ ነኝ የምለምናት እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ። ማንም አልሳቀም። አንዷ ሳህን አንሥታ ወደ ኩሽና ገባች። ፓስተሩ «ዛሬውኑ ደውይላቸው» አሉ፣ ዝግ ብለው።

ቤት ስንመጣ ልደውል ስልኩን አነሣሁ። ጉለሌ ሌሊት ነው። ነገ አልኩ። ነገ ደግሞ ሥራ ነኝ።

ኖቬምበር 28፣ ማክሰኞ

ከምሳ በኋላ። ተኮሱ። እስካሁን ከተኮሱት ሁሉ የበለጠ ነው። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል ይላሉ፣ ዋሽንግተንንም። እኔ ያለሁበትንም። እሰይ፣ አሁን እኔና ልጄ እኩል ሆንን።

ፊልሞን አልመለሰም። እዚያ ሌሊት ነው።

ንጉሴ ደወለ። ዘጋሁበት፣ መስመሩን ለፊልሞን ልተው። እንደገና ደወለ። ዘጋሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውል «አሁን አይሆንም፣ ቢዚ ነኝ» ብዬ ጻፍኩለት። የድምፅ መልእክት ላከ። ወንድሜ ይሙት፣ ይህ ሰው ሰዓት አያውቅም። ነገ እሰማዋለሁ።

ቢ-ሁለት፦ ሃያ ሁለት። ቮልቮዋ አለች። አለች። አለች።

ኖቬምበር 30፣ ሐሙስ

ፊልሞን ተኝቶ ነበር! ዓለም ሲንቀጠቀጥ ልጄ ተኝቶ! ትናንት መለሰ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ለትኬት ደንበኛ ሁሉ ደህና ዋሉ አልኩ።

ከፈለ ዓይኑ ቀልቷል፤ ጉንፋን ነው አለ። እራት ሠራ፣ እሱ! ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ይዞ ቆየ። ቅዳሜ ሥራ አለሽ ወይ አለኝ። የለኝም አልኩት። ጥሩ አለ።

ንጉሴ ጋ ደወልኩ፤ አያነሣም። ሦስት ጊዜ ሲያጣድፈኝ ውሎ አሁን እሱ ኮራ።

ዲሴምበር 2፣ ቅዳሜ

አረዱኝ።

ዲሴምበር 6፣ ረቡዕ

ቤቱ ውስጥ ሰው አለ። ከውድብሪጅም ከሲልቨር ስፕሪንግም መጥተው ተቀምጠዋል። መኝታ ቤት ነኝ፤ ተኚ ብለውኛል።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ዓይኔን ስገልጥ ከፈለ ከጎኔ የለም። ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ከፈለ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አድርጎ ሳሎን ቆሟል፤ በሩን የከፈተው እሱ ነው። ፓስተር ወንድይራድ ገቡ። ልሳነወርቅ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ ገባች። ከኋላቸው አራት አምስት ሰው፣ ሁሉም የማውቃቸው። ማንም ደህና አደርሽ አላለኝም።

ጎህ ሲቀድ፣ በእግሩ፣ ከምታውቂያቸው ሰዎች ጋር።

«ፊልሞኔ!» አልኩ። ወለሉ ላይ ወደቅኩ። ደረቴን ስመታ፣ ፀጉሬን ስይዝ፣ እኔ ነኝ የላክሁት፣ አልጋ የለህም ያልኩት እኔ ነኝ እያልኩ ስጮህ ፓስተሩ ከጎኔ ተንበርክከው ሁለት እጄን ያዙኝ።

«ፊልሞን አይደለም። ስሚኝ እህቴ፣ ፊልሞን ደህና ነው። እናትሽ ናቸው ያረፉት።»

እዚህ ላይ ያደረግኩትን መጻፍ አለብኝ። ካልጻፍኩት ሌላ ሰው አሳምሮ ይነግርልኛል።

«ተመስገን!» አልኩ። «ተመስገን ጌታዬ!» ልሳነወርቅ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ሳምኳት። ከዚያ እልል አልኩ። ልጅ እንደተወለደላት ሴት፣ አንገቴን ወደ ላይ አድርጌ፣ ደጋግሜ እልል አልኩ። የልሳነወርቅ ትከሻ ደርቆ እንጨት ሲሆን ታወቀኝ። ዓይኔን ስከፍት ከፈለ ስልኩን ወደኔ ዘርግቶ ቆሟል፤ እንዳረዱኝ ወንድሜ እንዲያጽናናኝ ብለው በቫይበር ቪዲዮ መስመር ላይ አቆይተውት ነበር። በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ የንጉሴ ፊት ነበር። ከኋላው ድንኳን። ከድንኳኑ ሥር ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ወደ ስልኩ ዞረው ያዩኛል።

ንጉሴ አየኝ አየኝና ዘጋው።

ከጁን ጀምሮ የእማዬ ኩላሊት ሞቶ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል፣ ቀሪውን ቀን ኦክስጅን። ፍሪጅ አልነበረም። ከፈለ ያውቃል። ፓስተሩ ያውቃሉ። ልሳነወርቅ ታውቃለች። የሚያሳዝነው ፊልሞንም ያውቃል፤ ትናንት ደውሎ «ማም፣ ዳድ እንዳትነግራት፣ ያንተ ሐሳብ ይበቃታል ብሎኝ ነው» አለኝ። ማንንም መጥላት አቃተኝ። ስለ ሮኬት ስጮህ ለሌላ ነገር ቦታ የላትም አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ቦታ አልነበረኝም። ማክሰኞ ሌሊት ሞተች፣ ረቡዕ ቀበሯት። እኔ በዚያን ሰዓት ቢ-ሁለትን እቆጥር ነበር። ቅዳሜ ሥራ የለኝም ስላልኩ ቅዳሜን ጠበቁልኝ።

ለንጉሴ ሃያ ጊዜ ደወልኩ። አንድ መስመር ጻፈልኝ፦ «ለቅሶ ቤቱ እልልታሽን ሰምቷል።»

አንዴ ሙቺና አሳርፊን ብያት ነበር። እሺ ብላኝ ነበር።

ዲሴምበር 13፣ ረቡዕ

ሥራ ተመለስኩ። ማናጀሩ አዝናለሁ ብሎ ካርድ ሰጠኝ፤ ሁሉም ፈርመውበታል። ኮሎኔሉም ፈርሟል፣ ስሙ ኮሎኔል አይደለም።

የንጉሴን የድምፅ መልእክት እስከዛሬ አልከፈትኩትም ነበር። አርባ አንድ ሰከንድ ነው። ሰው የሌለበት ሰዓት ጠብቄ ቡዙ ውስጥ ከፈትኩት።

መጀመሪያ ያ የሚተነፍስ መሣሪያ። ከዚያ ንጉሴ፣ ለኔ ሳይሆን ለሷ፦ «እማ፣ ዕንቁ ናት። መስመር ላይ ናት፣ ትሰማሻለች፤ አናግሪያት።» ወንድሜ ዋሽቷል። መስመር ላይ አልነበርኩም።

«ዕንቁዬ» አለች። ብዙ ቆየች። «ልጁ ደህና ነው?»

መልስ ትጠብቃለች። መሣሪያው ይተነፍሳል። ማንም አይመልስላትም። ከዚያ ወደ ንጉሴ ዞር ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ፦

«ዝም አለች እኮ። እስካሁን ተቆጥታለች?»

«አይ እማ፣ ኔትወርክ ነው።»

እዚያ ላይ ያልቃል።

«አልተቆጣሁም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። መስኮቱ ላይ ኮሎኔሉ ትኬቱን ዘርግቶ ቆሞ ኖሯል። ምን አልሽኝ አለ። ምንም አልኩት። ትኬቱን ተቀብዬ ጌቱን ከፈትኩለት።